ባህሩ ዳርቻውን እየበላው ከሆነ፣ ድንጋይ ከማራገፋችሁ በፊት

ዳርቻው በየአመቱ እየጠበበ ሲሄድ፣ የዛፉ ስር ወጥቶ ሲንጠለጠል፣ የመንገዱ ጫፍ መፍረስ ሲጀምር ሰው መጀመሪያ ሚያስበው ድንጋይ ነው፣ በመኪና አምጥቶ ማራገፍ ወይ ደሞ የኮንክሪት ግንብ ማቆም። ይገባኛል፣ ቤቱ አፋፍ ላይ የደረሰበትን ሰው ቆይ ተረጋጋ ማለት ከባድ ነው። ግን አሸዋው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቁ የምትሰሩት ነገር ወይ ይፈርሳል ወይ ችግሩን ወደ ጎረቤት ይገፋዋል፣ ይሄን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ በቂዬ ነው። (ከታች የምጠቅሳቸው አመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሸዋ ባለበት ቁጭ ብሎ የሚኖር ነገር አይደለም፣ መንገደኛ ነው። ወንዝ ከላይ ያመጣዋል፣ የባህር ገደል ሲናድ ይጨመርበታል፣ በሞቃት ባህር ደሞ ከተሰባበረ ኮራልና ዛጎል ይሰራል፣ ፓሮት ፊሽ የሚባለው አሳ ኮራሉን እየቆረጠመ የሚያወጣው ነጭ ዱቄት ራሱ በብዙ የኮራል ደሴቶች ላይ ትልቅ ድርሻ አለው፣ እኔ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ከዛ ሞገዱ ዳርቻውን አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ ስለሚመታው አሸዋው በእያንዳንዱ ሞገድ ትንሽ ትንሽ እያለ በዳርቻው ጎን ይጓዛል፣ ንፋስ ደረቁን ወደ የብስ ይወስዳል፣ ከባድ ማዕበል ደሞ ወደ ጥልቁ ይጎትታል። ነገሩ ልክ እንደ ቤት ገቢና ወጪ ነው፣ የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ ዳርቻው ይከሳል፣ በቃ።

ገቢው እንዴት እንደሚቋረጥ ለማየት የአባይን ዴልታ፣ ማለትም ወንዙ ባህር ሲገባ ደለል ከምሮ የሰራውን መሬት፣ ውሰዱ። ለሺዎች አመታት አብዛኛው ደለል ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ የወረደ አፈር ነበር፣ የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1970 ካለቀ በኋላ ግን ደለሉ እዛው ሀይቁ ውስጥ ይቀር ጀመር፣ ድሮም መሸርሸር ጀምሮ የነበረው ሮዜታ የሚባለው የአባይ ቅርንጫፍ ባህር የሚገባበት የዴልታው ጫፍ ደሞ ባሰበት። ባህሩ ምንም አልተለወጠም እኮ፣ የተለወጠው ከብዙ መቶ ኪሎሜትር ወዲያ ያለ ነገር ነው። መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለማየት ደሞ አውስትራሊያ ውስጥ የትዊድ ወንዝን አፍ ተመልከቱ፣ ጀልባ እንደልብ እንዲገባ ተብሎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱ የድንጋይ ክንዶች ወደ ባህር ሲረዝሙ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዝ የነበረው አሸዋ ታገተ፣ በሰሜን ያሉት የጎልድ ኮስት ዳርቻዎች ተራቆቱ። በዛ ዳርቻ በአመት የሚያልፈው አሸዋ ግማሽ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፣ ከ2001 ጀምሮ ይሄን ከደቡቡ ወገን በፓምፕ እየመጠጡ በቧንቧ ወንዙን አሻግረው ያወርዱታል፣ የተዘጋበትን መንገድ ከፈቱለት ማለት ነው።

እና የመጀመሪያው ስራ መለካት ነው፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ አመት። ሰው ይሄን አይወድም፣ እኛ እየሰመጥን አንተ ሜትር ታወጣለህ ይላል፣ ግን ምክንያት አለው። በማዕበሉ ወራት ትላልቅ ሞገዶች አሸዋውን ጠርገው ራቅ አድርገው ውሃው ውስጥ እንደ ጀርባ ይከምሩታል፣ ያ ጀርባ በተራው ቀጣዮቹን ሞገዶች ቀድሞ ይሰብራቸዋል፣ ከዛ የረጋው ወቅት ሲመጣ ትናንሾቹ ሞገዶች ቀስ እያሉ አሸዋውን ይመልሱታል። ስለዚ በማዕበል ማግስት ወርዳችሁ ያያችሁት እርቃኑን የቀረ ዳርቻ አለቀለት ማለት ላይሆን ይችላል፣ አሸዋው ወጥቶ ገና ስላልተመለሰ ነው። በተቃራኒው ደሞ በደህናው ወር ሰፍቶ አይታችሁ ተርፏል ብላችሁ ልትዘናጉ ትችላላችሁ። ማነፃፀር ያለባችሁ ያንኑ ወር ካምና ከካቻምና ጋር ነው። ሲድኒ አጠገብ ናራቢን የሚባለው ዳርቻ ከ1976 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይለካል፣ እና የታየው ዳርቻው በአመታት ውስጥ ብዙ ሜትር እየገባ እየወጣ የሚኖር መሆኑ ነው፣ አንድ ቀን ብቻ ያየ ሰው ምንም ሊፈርድ አይችልም።

ለመለካት ውድ እቃ አያስፈልግም። አንደኛው ፎቶ ነው፣ ከማይነቃነቅ ቦታ፣ ከግንብ ወይ ከምሰሶ ላይ፣ ሁሌ ከዛው ነጥብ ወደዛው አቅጣጫ፣ በወር አንዴ፣ ውሃው በተመሳሳይ ከፍታ ላይ እያለ። ኮስትስናፕ የሚባለው በ2017 አውስትራሊያ የተጀመረው ስራ ይሄው ነው፣ የስልክ ማስቀመጫ ብረት ዳርቻው ላይ ተክለው አላፊ አግዳሚው ፎቶ አንስቶ ይልካል። ሁለተኛው የዱላ ዘዴ ነው፣ ኤመሪ የሚባል የባህር ጂኦሎጂስት በ1961 ያሳተመው፣ እስከዛሬ የሚሰራ። ሁለት እኩል 1.5 ሜትር የሆኑ ዱላዎች ታዘጋጃላችሁ፣ ከጫፋቸው ወደ ታች በሴንቲሜትር ምልክት ታደርጋላችሁ፣ በ1.5 ሜትር ገመድ ታያይዟቸዋላችሁ። አንዱ ሰው ከየብስ በኩል ሌላው ከባህር በኩል ዱላውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ በየብስ በኩል ያለው ሰውዬ አይኑን ዝቅ ከፍ እያደረገ የባህር በኩሉን ዱላ ጫፍና አድማሱን፣ ማለትም ሰማይና ባህር የሚገናኙበትን መስመር፣ አንድ ላይ ያገጥማቸዋል፣ ያ እይታ የራሱን ዱላ ከጫፉ ስንት ሴንቲ ወርዶ ነው የሚነካው? መሬቱ በዛች 1.5 ሜትር ውስጥ የወረደው ልክ ያንን ያህል ነው። መሬቱ ወደ ባህር ከፍ የሚል ከሆነ ይገለበጣል፣ በራሳችሁ ዱላ ጫፍ አሻግራችሁ የባህር በኩሉ ዱላ ላይ ታነባላችሁ። እንዲህ እያላችሁ ከአንድ ቋሚ ምልክት ተነስታችሁ ውሃው ድረስ ትወርዳላችሁ፣ ውሃው በደንብ በጎደለበት ሰአት ቢሆን ይመረጣል፣ ወረቀት ላይ ስትስሉት ዳርቻው ከጎን ተቆርጦ ሲታይ ያለው መልክ ይወጣል። እንደዚ አይነት መስመር ሶስት አራት ቦታ ላይ ይኑራችሁ፣ አንድ መስመር ብቻውን ይዋሻል።

አመቱ ሲያልቅ ወረቀቱ መናገር ይጀምራል። የዳርቻው አንዱ ጫፍ እየከሳ ሌላው እየወፈረ ከሆነ አሸዋው አልጠፋም፣ ቦታ ለውጧል ወይ የሆነ ነገር አግቶታል፣ ወደ ወፈረው ጫፍ ሂዱና እዛ ምን እንደተሰራ እዩ። ሁሉም ቦታ እኩል እየከሳ ከሆነ ገቢው ተቋርጧል ማለት ነው፣ ወንዙ ላይ ግድብ አለ? ከወንዙ ወይ ከዳርቻው አሸዋ ለኮንስትራክሽን እየተጫነ ነው? የባህሩ ከፍታ መጨመርም እንዲህ አይነት መልክ ነው ያለው። ከግንብ ፊት ብቻ ከሆነ የሚሸረሸረው ተጠያቂው ግንቡ ነው። ከእግረኛ መንገድ ጀርባ የአሸዋው ጉብታ ተቦርቡሮ ከሆነ ደሞ የባህሩ ጉዳይ አይደለም፣ እግርና ንፋስ ናቸው።

ከዛ ማንኛውንም ነገር ከመጨመራችሁ በፊት የሚያፈሰውን ድፈኑ። አሸዋ መጫን ካለ እሱ ሳይቆም ሌላው ስራ ሁሉ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። መኪና ዳርቻው ላይ መንዳት ይቁም፣ ገና የሚበቅለውን ሳር ይጨፈልቀዋል። እና ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ሞገድ ያመጣውን የባህር ሳርና አረም ቆሻሻ ነው ብላችሁ በትራክተር አትጥረጉት፣ ሲነሳ አሸዋ ይዞ ይነሳል፣ ሲቀመጥ ደሞ በንፋስ የሚበረውን አሸዋ ያስቀራል፣ ሲበሰብስ ለተክሎቹ ማዳበሪያ ነው። ሜዲትራኒያን ላይ ፖሲዶኒያ የሚባለው የባህር ሳር ቅጠል ዳርቻ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ሆኖ ይከመራል፣ ያ ምንጣፍ የቀዝቃዛውን ወቅት ማዕበል ይቀበልለታል። ፕላስቲኩን በእጅ ልቀሙ፣ ሳሩን ተዉት። ውሃው ውስጥ ያለውም እንደዛው ነው፣ ኮራል ሪፍና የባህር ሳር ሞገዱን ገና ሳይደርስ ያደክሙታል፣ እነሱ ላይ መልህቅ መጣል ወይ ፍሳሽ መልቀቅ ዳርቻውን ከፊት ለፊቱ ማራቆት ነው። (ዳርቻችሁ አሸዋ ሳይሆን ጭቃ ከሆነ ይሄ ጽሁፍ ብዙም አይሆናችሁም፣ የናንተ ነገር ማንግሮቭ፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ ነው፣ ሌላ ሙያ ነው።)

አሁን ወደ ጉብታው እንምጣ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው፣ ምክንያቱም በትንሽ ሰውና በእጅ ስራ የሚሰራ ነው። ከዳርቻው ጀርባ ያለው የአሸዋ ጉብታ ዝም ብሎ የተከመረ ነገር አይምሰላችሁ፣ ተቀማጭ ገንዘብ ነው፣ ማዕበል ሲመጣ ሞገዱ ከሱ ላይ አሸዋ ወስዶ ዳርቻውን ይሸፍንበታል፣ በኋላ ንፋስ መልሶ ይከምረዋል። ጉብታውን ደልድሎ ሳር ሜዳ ወይ መኪና ማቆሚያ ያረገ ሰው ተቀማጩን በላ ማለት ነው።

ጉብታ ለመመለስ መጀመሪያ አጥር ነው፣ ግን ድፍን አጥር አይደለም። ግማሽ በግማሽ ክፍት የሆነ፣ የእንጨት ጣውላ እየተዘለለ የተመታ ወይም የተሰካ ጭራሮ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ወይ 1.2 ሜትር። ንፋሱ በክፍተቱ ሲያልፍ ይደክማል፣ ሲደክም የያዘውን አሸዋ ይጥላል። ድፍን ከሆነ ንፋሱ ይገላበጥና ስሩን ይቆፍረዋል። የት ይተከል ለሚለው፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ውሃው ከወትሮው በላይ ይወጣል፣ ከዛ መስመር በላይ፣ ጉብታው በሚጀምርበት እግር ላይ ይሁን፣ ወደ ባህር ካስጠጋችሁት የመጀመሪያው ማዕበል እንጨቱን ዳርቻው ላይ ይበትነዋል። ሁለት ረድፍ ካደረጋችሁ በመሃላቸው የአጥሩን ቁመት አራት እጥፍ ያህል ተዉ። ዔሊ እንቁላል ሊጥል የሚወጣበት ዳርቻ ከሆነ ረጅም ቀጥ ያለ አጥር አትስሩ፣ በሰያፍ በሰያፍ የተቆራረጠ አድርጉት፣ በመሃል ማለፊያ ይኑር። አጥሩ በአሸዋ ሲሞላ አትንቀሉት፣ ተቀብሮ ይቅር፣ ከላዩ ሌላ ትተክላላችሁ፣ ጉብታው እንደዛ ነው የሚያድገው።

አጥር ብቻውን ግን ክምር ነው የሚሰራው፣ ክምሩን የሚይዘው ስር ነው። የጉብታ ሳሮች የሚገርም ባህሪ አላቸው፣ አሸዋ ሲቀብራቸው አይሞቱም፣ እንዲያውም በቀብሩ ልክ ወደ ላይ ይዘረጋሉ ስራቸውም ይበዛል። በቀዝቃዛ አገሮች አሞፊላ፣ በሞቃቱ እንደ ስፒኒፌክስና እንደ ፍየል እግር ቅጠል ያለው ተሳቢው አይፖሚያ አሉ፣ ግን እባካችሁ የቦታውን ተወላጅ ብቻ ትከሉ። የአውሮፓው አሞፊላ ወደ ኒውዚላንድና ወደ አሜሪካ ፓስፊክ ዳርቻ ተወስዶ ተተከለ፣ በደንብም ያዘ፣ ከዛ የአገሩን ተክል አባሮ ጉብታውን ሾጣጣና ድርቅ ያለ አደረገው፣ አሁን ለመንቀል ነው የሚደከመው። ችግኙን ከሌላ ጤነኛ ጉብታ ላይ እየዘለላችሁ በጥቂቱ አንሱ ወይ አፍሉ፣ በቀዝቃዛውና እርጥበት ባለው ወቅት ትከሉ፣ ጥልቀቱ 20 እስከ 25 ሴንቲ፣ እርጥቡ አሸዋ ጋ እስኪደርስ፣ ከዚህ ያነሰ ከሆነ ንፋስ ያወጣዋል። በመሃላቸው ከ30 እስከ 60 ሴንቲ፣ ረድፎቹ ፊት ለፊት ሳይሆኑ እየተዛነፉ። ዙሪያውን ገመድ አድርጉበት። ሰው እንዳያልፍ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያልፍም ስሩለት፣ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መሄጃ ወይም ጠመዝማዛ መንገድ፣ ቀጥ ብሎ ንፋስ ወደሚመጣበት የተከፈተ መንገድ ከሆነ ንፋሱ ራሱ እንደ ቱቦ ይጠቀምበትና ጉብታውን ይበሳዋል። መንገድ ካልሰራችሁለት ሰው በሳሩ ላይ ነው የሚያልፈው፣ ልትቆጡት አትችሉም፣ ባህሩን ሊያይ ነው የመጣው።

የጎደለው ብዙ ከሆነና ጉብታ ብቻውን ካልበቃ አሸዋ ማምጣት ይመጣል። እዚህ ጋ ኢንጅነርና የመንግስት ፍቃድ የግድ ነው፣ ግን ሂሳቡን ራሳችሁ ብታውቁት አትታለሉም። ዳርቻ ማለት የምታዩት ደረቁ ብቻ አይደለም፣ ሞገድ አሸዋውን ማንቀሳቀስ እስከሚያቆምበት ጥልቀት ድረስ ውሃው ስር ይቀጥላል። ደረቁ የአሸዋ መደብ ከባህሩ 2 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ አሸዋው መንቀሳቀስ የሚያቆመው ደሞ 6 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን፣ ድምሩ 8 ነው፣ ዳርቻውን በ1 ሜትር ለማስፋት ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 8 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል። 20 ሜትር ማስፋት ከፈለጋችሁ 160፣ ዳርቻው 500 ሜትር ከሆነ 80 ሺ ሜትር ኩብ፣ 10 ሜትር ኩብ በምትጭን መኪና 8 ሺ ምልልስ። አንድ ሰው ሃምሳ መኪና አሸዋ አፍስሼ ዳርቻውን እመልሳለሁ ካላችሁ ይሄን አሳዩት።

አሸዋው ራሱ ደሞ ከነባሩ ጋር መመሳሰል አለበት። ከነባሩ የደቀቀ ከሆነ ሞገዱ ቶሎ ይወስደዋል፣ ጭቃ ካለው ውሃውን አደፍርሶ ኮራሉን ያፍነዋል። ከዳርቻው ከላይም ከውሃው ስርም ናሙና ወስዳችሁ በወንፊት አስነፉና ከሚመጣው ጋር አወዳድሩ። ቀለሙ እንኳን ቀላል ነገር አይደለም፣ ጥቁር አሸዋ ይሞቃል፣ የባህር ዔሊ ጫጩት ወንድ ወይ ሴት የሚሆነው በአሸዋው ሙቀት ነው፣ ሲሞቅ ሴት ይበዛል። የዔሊ እንቁላል ባለበት ወቅት ምንም አታፍስሱ፣ ካፈሰሳችሁም በኋላ በማሽን የተጠቀጠቀውን አሸዋ አፍታቱት፣ አለበለዚያ ዔሊዋ መቆፈር ያቅታታል። አሸዋውን ደሞ ከዳርቻው ፊት ለፊት ካለው ጥልቀት የሌለው ውሃ አትቆፍሩ፣ ከራሳችሁ ኪስ አውጥታችሁ ወደ ራሳችሁ ኪስ ነው።

ካፈሰሳችሁ በኋላ አትደንግጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምታዩት ስፋት ብዙ ይቀንሳል፣ ሰው ገንዘቡን ባህር በላው ብሎ ይጮሃል፣ ግን አብዛኛው ወርዶ ውሃው ስር ቦታውን እየያዘ ነው፣ ከላይ የነበረው 8 የሚለው ሂሳብ ውስጥ ያለው 6 እሱ ነው። ይሄን ለህዝቡ ከማፍሰሳችሁ በፊት ንገሩት፣ በኋላ ከሆነ ሰበብ ይመስላል። እና አንዴ ተሰርቶ የሚያልቅ ስራም አይደለም፣ መሸርሸሩን ያመጣው ነገር እስካለ ድረስ ከአመታት በኋላ ይደገማል። ኔዘርላንድስ ከ1990 ጀምሮ ዳርቻዋ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ወስና በየአመቱ አሸዋ ትጨምራለች፣ በ2011 ደሞ ደቡብ ሆላንድ ላይ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አንድ ቦታ ላይ እንደ ልሳን አውጥታ አፈሰሰችና ማከፋፈሉን ለሞገድና ለንፋስ ተወችው። ጠቅላላ ሃሳቡ ደስ የሚል ነው፣ ባህሩን ሰራተኛ አደረጉት።

ስለ ድንጋይና ግንብ አሁን እንነጋገር። ግንብ የሚጠብቀው ከጀርባው ያለውን ነው፣ ከፊቱ ያለውን አይደለም። ሞገድ ለስላሳ አሸዋ ላይ ሲወጣ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ግንብ ሲመታ ግን ተመልሶ ከስር ያለውን አሸዋ ይቦረቡራል፣ ከጀርባ የነበረው የጉብታው አሸዋም ታስሮ ይቀራል፣ ዳርቻው ወደ ኋላ እንዳያፈገፍግ ግንቡ ይዞታል፣ ባህሩ ደሞ ከፊት ይመጣል፣ በመሃል አሸዋው ያልቃል። ሆስፒታል ወይ ዋና መንገድ ከሆነና ሌላ አማራጭ ከሌለ እሺ፣ ግን ዳርቻውን እየሸጣችሁ መሆኑን አውቃችሁ አድርጉት። ወደ ባህር የሚገቡ የድንጋይ ክንዶች ደሞ አሸዋውን በአንድ ጎን ይይዙታል፣ በሌላው ጎን ያለውን ያስርቡታል። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ኦሽን ሲቲ ላይ በ1933 አውሎ ነፋስ የከፈተውን የባህር መግቢያ እንዳይዘጋ በድንጋይ ክንድ አጸኑት፣ የከተማው ወገን አሸዋ ሲጠራቀምለት ከደቡብ ያለችው አሳቲግ ደሴት ሰሜናዊ ጫፏ እየተበላ ወደ የብስ ሸሸ። ለጀልባ መግቢያ ሳይሆን ዳርቻው ላይ አሸዋ ለመያዝ የግድ ከተሰራ፣ በክንዶቹ መሃል ያለውን ዳርቻ ከመጀመሪያው አሸዋ ሙሉት፣ የሚያልፈውን እንዳይነጥቅ።

ጎማ፣ የፈረሰ ቤት ኮንክሪት፣ አሮጌ መኪና በጭራሽ አትጣሉ። ፍሎሪዳ ፎርት ላውደርዴል ፊት ለፊት በ1970ዎቹ 2 ሚሊዮን ገደማ ጎማ ሰው ሰራሽ ሪፍ ይሆናል ተብሎ ተጣለ፣ ማሰሪያው በጨው ተበልቶ ተፈታ፣ ጎማዎቹ በማዕበል እየተንከባለሉ ጤነኛውን ኮራል ደቆሱት፣ ጠላቂዎች እያወጡ ኖረዋል። ኮንክሪቱም ብረቱ ሲወጣ ዋናተኛ ይወጋል።

አንዳንዴ ትክክለኛው መልስ እቃውን ማንሳት ነው፣ ይሄ ሽንፈት የሚመስላችሁ ካላችሁ አሜሪካ ውስጥ ያለውን የኬፕ ሃተራስን መብራት ቤት፣ ለመርከቦች ምልክት የሚሰጠውን ማማ፣ አስቡ፣ በ1870 ሲሰራ ከባህሩ በጣም ርቆ ነበር፣ ባህሩ በሩ ላይ ሲደርስ በ1999 ያን ትልቅ የጡብ ማማ ሳይፈርስ በሃዲድ ላይ እየገፉ 880 ሜትር ገደማ ወደ የብስ ወሰዱት። እሱ ከሄደ አጥርና ሻወር ቤት፣ ኪዮስክና የመኪና ማቆሚያ መቼም አይከብድም። አዲስ ነገር ስትሰሩ ደሞ ቀድሞውኑ ከጉብታው ጀርባ ሩቅ ስሩት፣ ለክታችሁ ያገኛችሁትን የአመት መሸርሸር በህንጻው እድሜ አባዙና ከዛ በላይ ራቁ።

ማዕበል ሲመጣ ደሞ፣ ይመጣል፣ በማግስቱ ኤክስካቫተር አታስገቡ። ጉብታው ፊቱ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ታገኙታላችሁ፣ ልጆች ስሩ እንዳይጫወቱ ምልክት አድርጉ፣ ይናዳል። ከእርጥቡ ዳርቻ አሸዋ እየዛቁ ወደ ጉብታው መከመር ዳርቻውን ይበልጥ ዝቅ ያደርገዋል፣ ቀጣዩን ሞገድ መጋበዝ ነው። የተበተነውን የአጥር እንጨትና ሽቦ ልቀሙ፣ ከነስሩ ወድቆ ገና ያልደረቀ ሳር ካገኛችሁ እርጥብ ጆንያ ውስጥ አድርጋችሁ መልሳችሁ ቅበሩት፣ ብዙ ጊዜ ይይዛል። ከዛ ሁለቱን ዱላዎች ይዛችሁ የድሮዎቹ ምልክቶች ጋ ሂዱና መስመሮቹን ለኩ፣ ከወር በኋላ ድገሙት፣ ከሶስት ወር በኋላም፣ አሸዋው እየተመለሰ መሆኑን ሳታዩ አዲስ አጥር አትትከሉ።